መተማ 38 ዲግሪ? የአየር ንብረት ሞዴሎች የቆላውን ሙቀት ምን ያህል ያውቁታል?

የቆላ አዝመራ
መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። በመተማ ዙሪያ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ የምሠራ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ለወረዳችን ተዘጋጀ የተባለ የአየር ንብረት ሰነድ እጄ ገባ። በአንዱ ሰንጠረዥ «የዓመቱ እጅግ ሞቃት ቀን፣ የአሁኑ ዘመን አማካይ» በሚለው ረድፍ ላይ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጽፏል። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት። እዚህ አገር ሚያዝያ ላይ 40 ዲግሪ ማለፍ ለማንም ወሬ አይሆንም። ዶሮዎች ክንፋቸውን አንከርፍፈው፣ አፋቸውን ከፍተው የሚውሉበት ወር ነው። ጥላ ሥር የተቀመጠ ጀሪካን ውኃ እንኳ ከሰዓት በኋላ ለመጠጣት ያስቸግራል።

ሰነዱ በዚህ አያበቃም። 38ን መነሻ አድርጎ ከዛሬ 30 ዓመት በኋላ 40 ዲግሪ እንደርሳለን ይላል። እኛ ዛሬ የምንኖርበትን ሙቀት ገና ወደፊት የሚመጣ አድርጎ አስቀመጠው ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የመሬት ምንጣሮ ሥራ መቼ እንደሚጀመር፣ ሠራተኛው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ስንት ዳስና ስንት ሊትር ውኃ እንደሚያስፈልግ ሊወሰን ነው። ግንቦት ላይ ከደጋ የሚወርዱት ልጆች ቆላን አያውቁትም። ስለዚህ ጉዳዩ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሞዴሎቹ ለእኛ ዓይነት አገር ይሠራሉ ወይስ አይሠሩም? የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ትልቅ ውለታ ነው።


ደመና ቆጣሪ
መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 4፡35

ሰላም። በአውሮፓ በአንድ ዩኒቨርሲቲ በአየር ንብረት ላይ የማጠና ኢትዮጵያዊ ነኝ። ሰነዱን ባላየውም ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብደኝም።

ሞዴል የአየሩን ሁኔታ በፊዚክስ ሕግ የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ምድርን እንደ ቼዝ ሰሌዳ በቁራሽ በቁራሽ ይከፋፍላታል። በዓለም አቀፉ የሞዴሎች ንጽጽር መርሐ ግብር ስድስተኛ ዙር ከተሳተፉት ብዙዎቹ የአንዱ ቁራሽ ጎን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ የሚሰፋም አለ። ለእያንዳንዱ ቁራሽ የሚሰጠው አንድ ከፍታ፣ አንድ የቀን ሙቀት፣ አንድ የዝናብ መጠን ብቻ ነው። አሁን የእርስዎን አካባቢ ያስቡት። የጭልጋዋ አይከል 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። መተማ ዮሐንስ ደግሞ 700 ሜትር አካባቢ ናት። በመካከላቸው ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየር በየ 1,000 ሜትሩ ቁልቁለት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ሞዴሉ ግን ቁልቁለቱን በአንድ ወይም በሁለት ቁራሽ ደልድሎ መካከለኛ ሜዳ ያደርገዋል። አባቶቻችን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ ብለው የለዩትን አገር አንድ ላይ አቡክቶ መልሶ ይሰጥዎታል። የእርስዎ 38 የዚያ ሊጥ ሙቀት ይመስለኛል።

የከፍታው ስሕተት ከሁሉም ቀላሉ ነው። የቦታውን ትክክለኛ ከፍታ የሚያውቅ ሰው በወረቀትና በእርሳስ ሊያርመው ይችላል። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው፤ እርሱም ዝናብና አፈር ነው።

የፀሐይ ጉልበት መሬት ሲደርስ ሁለት መንገድ አለው። አፈሩ እርጥብ ከሆነ አብዛኛው ጉልበት ውኃ ለማትነን ይውላል፤ አየሩም ያን ያህል አይግልም። አፈሩ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ግን ጉልበቱ ሁሉ አየር ወደ ማሞቅ ይሄዳል። በሐሩር ክልል ዝናብ የሚመጣው ባብዛኛው ከሰዓት በኋላ ተቆልሎ ከሚፈነዳ ነጎድጓዳማ ደመና ነው። ያ ደመና ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሆነ 100 ኪሎ ሜትር ጎን ባለው ቁራሽ ውስጥ አይታይም፤ ሞዴሉ በግምታዊ ቀመር ይተካዋል። የቀመሩ ድክመት ለብዙ ዓመታት የታወቀ ነው፦ ዝናቡን ከእውነተኛው ሰዓት ቀድሞ ቀትር አካባቢ ያወርደዋል፣ ደጋግሞ ያካፋዋል፣ ኃይለኛውን ዶፍ ግን ያሳንሰዋል። ዝናቡ በጊዜውና በመጠኑ ካልወረደ የአፈሩ እርጥበት ይዛባል፤ የአፈሩ እርጥበት ከተዛባ የሞቃታማው ቀን ጣሪያ አብሮ ይዛባል። በአንዱ አገር ሞዴሉ ከእውነቱ ይቀዘቅዛል፣ በሌላው ይሞቃል።


ጥያቄ አለኝ
መጋቢት 10፣ ከጠዋቱ 1፡20

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ከመጀመሪያው አላምንም። ነገ ይዘንባል የተባለው ዝናብ በማይመጣበት አገር፣ የዛሬ 50 ዓመት ሙቀት በምን ይታወቃል? ደግሞ ሞዴሎቹ የተሠሩት በሌሎች አገሮች ነው። የራሳቸውን አገር ያውቁ ይሆናል። መተማን በ 38 የሚገምት መሣሪያ ስለ ልጅ ልጆቼ ሲናገር ለምን እሰማዋለሁ? በድርቅም በጎርፍም የተጎዳው ገበሬ ደጋግሞ በቁጥር ተታሏል። ይህን የምለው ለክርክር ብዬ አይደለም፤ ቤተሰቤ ገበሬ ነው።


የፊዚክስ መምህር
መጋቢት 10፣ ከቀኑ 7፡05

ወንድሜ፣ ጥርጣሬህ ተገቢ ነው፤ ሁለት ነገሮችን ግን አንድ ላይ አስረሃቸዋል። ሐምሌ 12 ቀን ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ላይ ይዘንብ እንደሆነ ዛሬ ብትጠይቀኝ አላውቅም። ሐምሌ ከጥር ይልቅ ዝናባማ እንደሚሆን ግን እምልልሃለሁ። የመጀመሪያው የዕለቱ አየር ነው፤ ሁለተኛው የአየር ንብረት ነው። ሁለተኛውን ለማወቅ የመጀመሪያውን ማወቅ አያስፈልግም።

«ሞዴል» ስንል ደግሞ ከባዶ የተፈጠረ ግምት አይደለም። ስዩኩሮ ማናቤ እና ሪቻርድ ዌዘራልድ እ.ኤ.አ. በ1967 በዛሬው ዓይን እጅግ ደካማ በሆነ ኮምፒውተር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢጨምር ምድር ከ 2 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች ብለው አስልተው ነበር። ዛሬ ብዙ ዓይነት ማስረጃ ተደምሮ የሚሰጠው ግምት ከ 2.5 እስከ 4 ዲግሪ ነው። ማናቤ በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ናቸው። እኔ ለተማሪዎቼ ይህን የምነግራቸው መሠረቱ የሙቀት ጨረር ሕግ ስለሆነ ነው። ሕጉ ቶኪዮም ላይ መተማም ላይ አንድ ነው።

አባይ በረሃን በአውቶቡስ የተሻገረ ሰው ደመና ቆጣሪ ያለውን በአካሉ ያውቀዋል። ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ ለብሶ የተነሣ ተሳፋሪ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ደጀን ሲወጣ መልሶ ይደርበዋል። ከ 1,200 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ መውጣት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ የሞዴል ቁራሽ ውስጥ ነው።


ነርስ ከባሮ
መጋቢት 10፣ ከምሽቱ 3፡50

ጋምቤላ ነው የምሠራው። እኛ ጋ የካቲትና መጋቢት ናቸው የሚከፉት። ስለ ቁራሽና ስለ ቀመር የምለው የለኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

ሞዴሉ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የምትሉት ከምን ጋር አወዳድራችሁ ነው? እኛ ጤና ጣቢያ ሙቀት የሚባል የሞት ምክንያት በመዝገብ ላይ የለም። አዛውንቱ ሲያርፉ የምንጽፈው «የልብ ድካም» ነው። ሕፃኑ ሲያርፍ «ተቅማጥና የሰውነት ፈሳሽ ማለቅ» ነው። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ያልቀዘቀዘ አየር ሲተነፍሱ ማደራቸውን የሚጽፍ ማንም የለም፣ እኔም ጨምሮ። ድንበሩን ተሻግረን ደቡብ ሱዳን ብንሄድ በ2024 መጋቢት ውስጥ በሙቀቱ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘግተው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት የካቲት ላይም እንደገና ተዘጉ። እኛ ጋ ያሉት ስደተኛ እናቶች ዘመዶቻቸው ከወዲያ የሚልኩትን ወሬ ሲነግሩኝ ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል።

ሉክ ሃሪንግተን እና ፍሪደሪከ ኦቶ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2020 ያወጡትን ጽሑፍ አንብቤ አልረሳውም። በዓለም አቀፉ የአደጋዎች መዝገብ ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ የተጻፈው የሙቀት ማዕበል 2 ብቻ ነው፤ ሟቾቹ 71። በአውሮፓ በ40 ዓመት ውስጥ ብቻ 83 የሙቀት ማዕበሎች፣ ከ 140,000 በላይ ሟቾች ተመዝግበዋል። እኛ የተሻለ ቀዝቃዛ አገር ስላለን ነው? ስላልጻፍን ነው።


ደመና ቆጣሪ
መጋቢት 11፣ ከጠዋቱ 3፡00

እህቴ፣ የነገሩን ልብ ነክተሽዋል። ሌሊቱን ስለዚህ ሳስብ ነበር።

ለጥያቄ አለኝ፦ ሞዴሎቹ በሐሩር ክልል የሚያውቁትንና የማያውቁትን ለይቼ ልንገርህ። በደንብ የሚያውቁት አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ነው። ምክንያቱ እንግዳ ሊመስልህ ይችላል፤ በእኛ ክልል የሙቀት መጠን ከዓመት ዓመት ብዙ አይዋዥቅም። በአውሮፓ አንዱ ክረምት ከሌላው እጅግ ስለሚለያይ የሙቀት ጭማሪው ለረጅም ጊዜ በውዥዋዤው ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። በእኛ ዘንድ ግን የአንድ ዲግሪ ጭማሪ እንኳ ከለመድነው አጥር ያስወጣናል። ስለዚህ «ድሮ አልፎ አልፎ ይመጣ የነበረው ሞቃት ቀን አሁን ስንት ጊዜ ይመጣል?» ብለህ ብትጠይቃቸው መልሳቸው እርስ በርስም ከመለኪያዎችም ጋር ይቀራረባል። «መተማ ላይ ቴርሞሜትሩ ስንት ያነባል?» ብትላቸው ይበታተናሉ።

ማሊን ተመልከት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 2024 ካዬስ ከተማ ላይ 48.5 ዲግሪ ተለካ። ረመዳን ነበር፤ ሰው ጾመኛ ነው፤ መብራት ይቆራረጣል። ባማኮ የሚገኘው የጋብሪኤል ቱሬ ሆስፒታል በወሩ የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት 102 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ 60 ዓመት በላይ የነበሩ ናቸው። የዓለም የአየር ጠባይ ምክንያት ትንታኔ ቡድን በዚያው ወር ሲያጠናው፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ማዕበል ሊደርስ አይችልም ነበር ብሏል። ቡድኑ ሞዴሎችን ዝም ብሎ አይቀበልም። የወቅቱን አወጣጥና አወራረድ፣ የሙቀቱን ስርጭት፣ የአልፎ አልፎውን ቀን ባሕርይ ከመለኪያ ጋር አስተያይቶ ያላለፈውን ሞዴል ይጥላል።

የጎደለውንም ልሸሽግህ አልፈልግም። ከስድስተኛው ዙር ሞዴሎች ጥቂቶቹ ለካርቦን ከሚገባው በላይ ይግላሉ፤ የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2021 ሪፖርቱ የወደፊቱን የዓለም ሙቀት ሲገምት በሌላ ማስረጃ መግራት ነበረበት። ያን ጥሬውን አውርዶ አማካዩን ወስዶ ሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው ስሕተቱን ለገበሬው ያስተላልፋል። ቁጣህ ወደዚያ ቢያመራ ከአንተ ጋር ነኝ።


ዶሃ 12 ዓመት
መጋቢት 11፣ ከምሽቱ 5፡15

እኔ በቀጣር በግንባታ ሥራ ላይ ነኝ። እናንተ ሙቀት ሙቀት ትላላችሁ፤ እኛን የሚጥለን ወበቅ ነው። 45 ዲግሪ ደረቅ ቀን ውኃ እየጠጣሁ እችለዋለሁ። ነሐሴ ላይ ከባሕር የሚመጣው 36 ዲግሪ ግን ላብህን ቆዳህ ላይ ያስቀረዋል፤ አይደርቅም፤ ልብህ በጆሮህ ይመታል። እዚህ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ መስከረም አጋማሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በፀሐይ መሥራት ተከልክሏል። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ እርጥበትን፣ ፀሐይንና ነፋስን አንድ ላይ የሚያነበው መለኪያ 32.1 ሲያልፍ በማንኛውም ሰዓት ሥራ ይቆማል። ከመተማውም ሆነ ከጋምቤላው ወገኔ ጋር ያለኝ ልዩነት ይህ መለኪያ ነው። ሞዴሎቹ ወበቅን ያውቁታል?


የፊዚክስ መምህር
መጋቢት 12፣ ከቀኑ 6፡30

የዶሃው ወንድሜ፣ በመጀመሪያ በርታ፤ እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

ወበቅን የምንለካው ቴርሞሜትርን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን አየር እንዲነካው በማድረግ ነው። ውኃው ሲተን ቴርሞሜትሩ ይቀዘቅዛል፤ የሰው ቆዳም የሚቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። አየሩ በእርጥበት ከጠገበ ትነት ይቆማል። ስቲቨን ሸርውድ እና ማቲው ሁበር እ.ኤ.አ. በ2010 ይህ የእርጥብ ቴርሞሜትር ንባብ 35 ከደረሰ ጤነኛ ሰው ራቁቱን ጥላ ሥር ቢቀመጥም ለሰዓታት ሊቋቋም አይችልም ብለው አሰሉ። በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወጣትና ጤነኛ ሰዎችን ክፍል ውስጥ አስገብተው ሲፈትኑ ደግሞ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ እርጥበት በበዛበት አየር ከ 30 እስከ 31 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀላል ሥራ እየሠሩ ማለት ነው። ሲሚንቶ የሚሸከም ሰው የት ላይ እንደሚወድቅ አስቡት።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። በዚህ ረገድ ለሐሩር ክልል የሚሆን ደስ የሚል ፊዚክስ አለ። በምድር ወገብ አካባቢ የላይኛው አየር ሙቀት ከቦታ ቦታ ብዙ አይለያይም፤ ምድር በመዞሯ የሚመጣው ኃይል እዚያ ደካማ ስለሆነ የሙቀት ልዩነት ቶሎ ይደላደላል። ታች ያለው አየር ወበቁ ከላይኛው አየር ጋር ሲነጻጸር ከልክ ካለፈ ይቀልና ተነሥቶ ደመና ይሆናል፤ ዝናብ ያወርድና ወበቁን ያበርዳል። እንደ ድስት ክዳን ነው፤ እንፋሎቱ ሲበዛ ክዳኑ ይከፈታል። ዪ ዣንግ፣ አይዛክ ሄልድ እና ስቴፋን ፉግሊስታለር በ2021 በዚህ መንገድ አስልተው፣ የሐሩር ክልል አማካይ ሙቀት በ 1 ዲግሪ ሲጨምር የወበቁ ጣሪያም በ 1 ዲግሪ ገደማ እንደሚጨምር አሳዩ። ሞዴሎች በደረቁ ሙቀት ላይ ሲጣሉ በወበቁ ላይ የሚቀራረቡት ለዚህ ነው። አንዱ ሞዴል ሞቃትና ደረቅ፣ ሌላው ለስለስ ያለና እርጥብ ቢሆን እንኳ ሁለቱ ስሕተቶች በወበቅ ስሌት ውስጥ እርስ በርስ ይጣፋሉ።

ይህ ግን ለሰፊው ክልል ነው። ቀጣር ከሐሩር ክልል መስመር በስተሰሜን ትንሽ ወጣ ያለች ከመሆኗም በላይ፣ ወርዷ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቁራሽ ውስጥ ትጠፋለች! ባሕሩና አሸዋው ተደባልቀው ይቆጠራሉ። አንተን የሚጥልህን የባሕር ዳር ነፋስ ሞዴሉ አያየውም። ምጽዋ፣ አሰብ፣ ጅቡቲም እንዲሁ ናቸው።


የቆላ አዝመራ
መጋቢት 12፣ ከምሽቱ 1፡45

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እየገባኝ ነው። እንግዲህ ተግባራዊ ጥያቄዬ ይኸውና፦ ሰነዱን ልጣለው ወይስ ላርመው?


ደመና ቆጣሪ
መጋቢት 12፣ ከምሽቱ 4፡10

አይጣሉት። መነሻውን ከቴርሞሜትር ይውሰዱ፤ ለውጡን ብቻ ከሞዴሉ። ሰነዱ ከ 38 ወደ 40 ካለ የሚጠቅምዎት የ 2 ዲግሪው ልዩነት ነው፤ በአቅራቢያዎ ባለ ጣቢያ በተለካው ቁጥር ላይ ይደምሩት። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የዓመቱን አማካይ ለውጥ እንዳይደምሩ። በሐሩር ክልል የብስ ላይ እጅግ ሞቃቶቹ ቀናት ከአማካዩ ቀን ፈጥነው እንደሚሞቁ ማይክል በርን በ2021 አሳይቷል፤ ሞቃቱ ቀን ደረቅ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የሞቃታማዎቹን ቀናት ለውጥ ለይተው ይጠይቁ።


የፊዚክስ መምህር
መጋቢት 13፣ ከጠዋቱ 2፡25

እዚህ ላይ ከደመና ቆጣሪ ጋር ትንሽ እለያለሁ። መደመሩ የሚያስኬደው ስሕተቱ ዛሬም ነገም እኩል ከሆነ ነው። ከፍታን በተመለከተ እስማማለሁ፤ ተራራው አይንቀሳቀስም። አፈርን በተመለከተ ግን አንተው ራስህ የነገርከን ነገር ይቃረንሃል። የምሥራቅ አፍሪካን የበልግ ዝናብ ተመልከት። ሞዴሎቹ ይጨምራል ሲሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ሲለካ የኖረው መቀነስ ነው። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ ብለውታል። ሞዴሉ የሚያዘንበው ዝናብ በእውኑ ካልዘነበ፣ በሞዴሉ ውስጥ አፈሩን የሚያበርደው ውኃ በእውኑ የለም። እንግዲያው ለቦረና ወይም ለሶማሌ ክልል የሚሰጠው የሙቀት ለውጥም ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። ይህ በመደመር አይታረምም።


ደመና ቆጣሪ
መጋቢት 13፣ ከጠዋቱ 4፡00

ትክክል ነህ፤ ለበልግ አብቃይ አካባቢዎች ያልኩትን አለዝባለሁ። መተማ የክረምት ዝናብ አገር ናት፤ ሙቀቷም ጣሪያ የሚነካው ከዝናቡ በፊት አፈሩ ፈጽሞ በደረቀበት ወቅት ስለሆነ ችግሩ እዚያ ያንሳል ብዬ አምናለሁ። ተስፋ የሚሰጠኝ የቁራሹ ማነስ ነው። በብሪታንያ የሚቲዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት መላ አፍሪካን በ 4.5 ኪሎ ሜትር ቁራሽ ያስኬዱት ሞዴል ነጎድጓዳማውን ደመና ያለ ግምታዊ ቀመር ራሱ ይፈጥረዋል። ነገር ግን የኮምፒውተር ወጪው ከባድ ስለሆነ ያስኬዱት ለአሁኑ ዘመን 10 ዓመት፣ ለክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ደግሞ 10 ዓመት ብቻ ነው። በ 10 ዓመት ውስጥ በ 50 ዓመት አንዴ የሚመጣውን ቀን ማግኘት አይቻልም።

አሁንም ወደ ነርስ ከባሮ ጥያቄ እመለሳለሁ። ሞዴልን የምንፈትነው ብዙ ጊዜ በአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከል በተዘጋጀው፣ መለኪያንና ሞዴልን አዋሕዶ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ የምድርን አየር በ 31 ኪሎ ሜትር ቁራሽ መልሶ በሚገነባ መረጃ ነው። መለኪያ በሌለበት ቦታ ይህም ራሱ ሞዴል ነው። ሞዴልን በሞዴል እየፈተንን እንደሆነ ብዙ ሰው አያስተውልም።


የድሮው ተመልካች
መጋቢት 13፣ ከምሽቱ 2፡30

ልጆቼ፣ ልጄ ስልኬ ላይ እያነበበችልኝ ነው፤ የምጽፈውም በእርሷ እጅ ነው። በሚቲዮሮሎጂ ጣቢያ ተመልካች ሆኜ ከ 30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በቆላ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ነጭ የተቀባ፣ እንደ መስኮት መዝጊያ ግድግዳው የተሰነጣጠቀ የእንጨት ሳጥን አለ። ውስጡ አራት ቴርሞሜትሮች አሉ፦ ደረቁ፣ እርጥቡ፣ የቀኑን ከፍተኛ የሚይዘው፣ የሌሊቱን ዝቅተኛ የሚይዘው። በሰዓቱ ሄደህ ዓይንህን ከሜርኩሪው ትክክል አድርገህ ታነባለህ። ከላይ ሆነህ ካየኸው ይሳሳታል፤ ከታችም እንዲሁ። ትንፋሽህ እንዳይነካው ቶሎ ታነባለህ። በእርሳስ ትጽፋለህ። የእርጥቡን ጨርቅ አቧራ ሲይዘው ትቀይራለህ፤ ካልቀየርክ ወበቁን አብዝቶ ያነባል።

አንድ ዓመት የከፍተኛው ቴርሞሜትር ተሰበረ። ምትክ እስኪመጣ ወራት አለፉ። ያ የመጋቢትና የሚያዝያ ገጽ ባዶ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሙቀት አይቼ አላውቅም፤ ከብቶች ወንዝ ዳር ተኝተው አልነሣ ብለው ነበር። ቁጥሩ ግን የለም። እናንተ ዛሬ ሞዴሉ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ስትሉ እኔ የማስበው ያንን ባዶ ገጽ ነው። ሌላ ጊዜ ጦርነት መጣና ጣቢያውን ትተን ሸሸን። ስንመለስ ሳጥኑ ለማገዶ ተሰብሯል። ማንንም አልወቅስም፤ ሰው በርዶት ነበር።

ደግሞም ጣቢያዎቻችን ያሉት መኪና በሚደርስበት፣ በመንገድ ዳር ከተሞች ነው። ከመንገዱ ሁለት ቀን በእግር የሚያስኬደው በረሃ ማን ለካው? የአፋሯን ዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተለካው የ 34.6 ዲግሪ የዓመት አማካይዋ ዓለም እስከ ዛሬ ይጠራታል። ስድስት ዓመት ናት! ከዚያ በኋላ ያለው ስድሳ ዓመት የት ሄደ?


ደመና ቆጣሪ
መጋቢት 13፣ ከምሽቱ 3፡05

ጋሼ፣ ከልብ አመሰግንዎታለሁ። ከአገራችን የሚቲዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተነሥተው ኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዶክተር ቱፋ ዲንቁ በኢትዮጵያ የጀመሩት ሥራ በትክክል ለእርስዎ ባዶ ገጽ ነው። ጣቢያዎች የጻፉትን ሁሉ ሰብስቦ፣ አጥርቶ፣ ከሳተላይትና ከሌላ መረጃ ጋር አዋሕዶ በ 4 ኪሎ ሜትር ቁራሽ የአገሪቱን የዝናብና የሙቀት መዝገብ መሥራት ነው። ከእኛ በኋላ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1994ቱ እልቂት ጣቢያዎቿ ለረጅም ዓመታት ጸጥ ላሉባት ሩዋንዳም ያንን ክፍተት ለመሙላት አገልግሏል። ግን የተሞላውም ቢሆን የሚቆመው እንደ እርስዎ ያለ ሰው በጻፈው ላይ ነው። የጻፉባቸው ደብተሮች ቅጂ በእጅዎ ካለ እባክዎ እንዳይጥሏቸው።


ጥያቄ አለኝ
መጋቢት 14፣ ከጠዋቱ 1፡40

የጋሼን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሞዴሉ ላይ ያለኝ ቅሬታ አልጠፋም፤ ግን የተቆጣሁበት ነገር ተቀይሯል። መሣሪያው ስለ እኛ የማያውቀው ማንም ስላልለካን ነው። አባቴ ጋ ስደውል ስለ ዝናብ ብቻ ነበር የምጠይቀው፤ ስለ ሌሊቱ ሙቀት ጠይቄው አላውቅም። ትናንት ጠየቅሁት። ከበሩ ውጭ ማደር ከጀመሩ ሦስት ዓመት እንደሆናቸው ነገረኝ።


ነርስ ከባሮ
መጋቢት 14፣ ከቀኑ 8፡15

ከዛሬ ጀምሮ በእኛ ክፍል በመዝገቡ የአስተያየት ቦታ ላይ የዕለቱን የክፍሉን ሙቀት እጽፋለሁ። የግድግዳ ቴርሞሜትር አለን፤ ለመድኃኒቶቹ ተብሎ የተሰቀለ ነው። ሌላው ቢቀር የበሽተኛው ስም አጠገብ ቁጥር ይኖራል።


የቆላ አዝመራ
መጋቢት 14፣ ከምሽቱ 2፡00

እርሻው ውስጥ አንድ ሳጥን ለማቆም አናጺ አነጋግሬያለሁ። ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚይዙ ሁለት ቴርሞሜትሮች ከጎንደር አስመጣለሁ፤ እርጥቡንም እጨምራለሁ። ሰነዱን ላዘጋጁትም የከፍታውን ነገር ጽፌ ልኬያለሁ። ጋሼ፣ እባክዎ ይምከሩኝ። ሳጥኑ ከመሬት ስንት ይራቅ? በሩስ ወደ የት ይዙር? በመጽሐፍ ያገኘሁት በሩ ወደ ሰሜን ይሁን ይላል።


የድሮው ተመልካች
መጋቢት 14፣ ከምሽቱ 3፡20

ልጄ፣ ያ መጽሐፍ የተጻፈው ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ለምታልፍባቸው አገሮች ነው። መተማ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናት ላይ ትቆማለች፤ አንዴ ሚያዝያ አጋማሽ፣ አንዴ ነሐሴ 12 አካባቢ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቀትር ላይ የምትመጣው ከሰሜን ነው። በሩን ሰሜን ብቻ ካደረግኸው በግንቦትና በሰኔ ስትከፍተው ፀሐይዋ በቀጥታ ቴርሞሜትሩ ላይ ታርፋለች፤ ያነበብከውም ውሸት ይሆናል።

ሁለት በር አሠራለት፤ አንዱን በሰሜን፣ አንዱን በደቡብ። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በደቡቡ ክፈት፤ በቀረው ጊዜ በሰሜኑ። ቴርሞሜትሮቹ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሁኑ። ከቆርቆሮ ቤትና ከግንብ አርቀው። ከሥሩ ያለው መሬት የአካባቢው መሬት ይሁን፤ ሲሚንቶ አታድርግበት፣ ውኃም አታጠጣው።

መጋቢት እየገፋ ነው። አናጺውን አስቸኩለው።